ሁለት ወላጅ ያለው ልጅ፦ ከመተማ እስከ ኢየሩሳሌም

ከገንዳ ውኃ ተነስቶ በኮኪት አልፎ መተማ ዮሐንስ የሚገባው መንገድ ዛሬ ሰሊጥና ጥጥ የጫኑ መኪኖች ይመላለሱበታል። የድንበሯ ከተማ ስሟን የወረሰችው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ካረፉት ከዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው። ስለ ጦርነቱ ብዙ ተጽፏል። ንጉሠ ነገሥቱ በጣር ላይ ሳሉ ስላደረጉት ነገር ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. በፈንጣጣ ሞቶባቸው ነበር። ስለዚህ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የወንድማቸው ልጅ ሲባል የኖረው መንገሻ የአብራካቸው ክፋይ መሆኑን ለመኳንንቱ ተናገሩ፤ ወራሻቸው እንዲሆንም አደራ ሰጡ።

መንገሻ ዙፋኑን አላገኘም። ቢሆንም ከዚያ ቀን በኋላ የዮሐንስ ልጅ ተብሎ ኖረ፤ እንዲያ ተብሎም ሞተ።

ልጅ በሌላ ሰው ስም ሊያድግ ይችላል፤ የወለደው ሰው ማንነት ግን ተዳፍኖ መቅረት የለበትም። የጎንደር አገር ሰው ይህን የተማረው ከቤተ መንግሥት ወሬ አይደለም። ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ በነበረበት ዘመን መሬት የሚጠይቅ ሰው ሐረጉን እየቆጠረ አቅኚው አባት ዘንድ መድረስ ነበረበት። ሊያገባ ሲያስብ ደግሞ ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ቤት ይቆጥርለታል። አባቱንና እናቱን፣ አያቶቹንና ቅድመ አያቶቹን የማያውቅ ልጅ መሬት አይጠይቅም፤ ጋብቻውም ያሰጋል። ወላጅ የሞተበትን፣ ወይም ቤቱ የጠበበበትን ልጅ ወስዶ ማሳደግ በየመንደሩ የተለመደ ነበር። የልጁን ዘር መደበቅ ግን ልጁን መበደል ነው።

ለዚህም ነው የአገሩ ማደጎ ዝምድናን የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ ሥርዓት ያልነበረው። የጡት ልጅነትን እንመልከት። አባት የሚሆነው ሰው አውራ ጣቱን ማር ያስነካል፤ ልጁ፣ አንዳንዴም ጢም ያበቀለ ጎልማሳ፣ ጣቱን ይጠባል። በዚህች አጭር ሥርዓት ሁለቱ የጡት አባትና የጡት ልጅ ይሆናሉ። የጡት አባት ይጠብቃል፣ ያበላል፣ ይድራል፤ የጡት ልጅም ይታዘዛል፣ በችግር ጊዜ አይከዳም። ልጁ ግን የወላጁ ልጅነት አልቀረበትም። የወለደው ሲሞት ያለቅሳል፣ ተዝካር ያወጣል፣ ርስቱንም ይካፈላል።

መተማ በ19ኛው መቶ ዘመን የተክሩር ሼሆች የሚያስተዳድሯት የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። በእስልምናም ሕጉ በዚህ ነጥብ ላይ ጥብቅ ነው። የሙት ልጅን (የቲምን) ማሳደግ ታላቅ ምንዳ አለው፤ ያሳደጉትን ልጅ በራስ ስም ጠርቶ የአባቱን ስም ማጥፋት ግን አይፈቀድም። በኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ጉዲፈቻ ልጁን እንደ አብራክ ልጅ የሚያስቆጥር፣ በሽማግሌ ፊት የሚፈጸም የከበረ ሥርዓት ነው። የኢትዮጵያ ሕግም ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው።

ከዚሁ ቆላ የወጣው ታዋቂው አባት አልባ ልጅ የቋራው ካሣ ነው። አባቱ ኃይሉ ገና በልጅነቱ ሞቱ፤ እናቱ ተቸገሩ። ልጁ ለትምህርት ገዳም ገባ፤ ገዳሙ በጦር ሲወረር ብዙዎቹ ተማሪዎች አለቁ፤ እሱ አመለጠ። ከዚያ የወሰዱት ዘመዱ ደጃዝማች ክንፉ ናቸው፤ በ1829 ዓ.ም. በመተማ አቅጣጫ የመጣውን የግብፅ ጦር የመቱት ያው የቋራና የደንቢያ ገዢ። ካሣ በእርሳቸው ቤት ጦርነትም አስተዳደርም ተማረ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባለ በኋላ ግን ማንም የክንፉ ልጅ አላለውም፤ ካሣ ኃይሉ ነበር፣ ካሣ ኃይሉ ሆኖ ነገሠ። ጠላቶቹ እንኳን ሲሰድቡት የሚያነሱት የገዛ እናቱን ድህነት ነበር።

በዚያው መንገድ ላይ ግን ሌሎች ልጆችም ያልፉ ነበር፤ እነሱን ማንም አባቴ እናቴ የሚሉትን አልጠየቃቸውም። መተማ ቡናና ሰም፣ በቅሎና ጥጥ የሚሸጥባት ገበያ ብቻ አልነበረችም፤ ከደቡብና ከምዕራብ የተነዱ ባሮች ወደ ሰናርና ወደ ካርቱም የሚሻገሩባት በር ነበረች። ከሚሻገሩትም ብዙዎቹ ልጆችና ልጃገረዶች ነበሩ። በ1854 ዓ.ም. ያለፈው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር የባሪያ ነጋዴዎቹን ሰፈርና በሰሌን ዳስ ውስጥ የተቀመጡትን የኦሮሞ ልጃገረዶች አይቷል። ከእርሱ ሩብ ምዕተ ዓመት በፊት በ1829 ዓ.ም. የጀርመኑ ልዑል ፑክለር ሙስካው ግብፅ ውስጥ ቢሊሌ የምትባል የኦሮሞ ልጅ ገዝቶ ወደ አውሮፓ ወሰዳት። ማህቡባ የሚል ስም ሰጣት፤ በ1833 ዓ.ም. ሙስካው ውስጥ በሳንባ በሽታ ሞተች፤ መቃብሯም እዚያው አለ።

ባርነትና ማደጎ አንድ አይደሉም፤ አንድ ማድረግም ለሁለቱም ወገን በደል ነው። እዚህ ጎን ለጎን የተቀመጡት ስለ አንድ ጥያቄ ብለው ነው፤ ይኸውም ልጁ ሲሄድ ከኋላው ያለው ወገን ምን ይሆናል የሚለው ነው። የጡት አባት ወገኑን ይጨምርለት ነበር። የባሪያ ነጋዴው ወገኑን ቆርጦ ስሙንም ይለውጥ ነበር። በኋላ የመጣው ነገር ከሁለቱ መካከል የት እንደሚቀመጥ ቀስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

የካሣ ልጅ ዓለማየሁ ላይ የደረሰው ለዚህ የመጀመሪያው ትልቅ ምስክር ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲወርዱ መንገድ ላይ አረፉ። አሳዳጊ ሆኖ የተሰጠው አማርኛ አዋቂው ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ አገሬው ባሻ ፈለቀ ይለው የነበረው። ልጁ ይወደው ነበር፤ ሌሊት ያለ እሱ አይተኛም ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያም ልጁን ወደዱት፤ ስለ እሱም በማስታወሻቸው በርኅራኄ ጽፈዋል። ፍቅር አልጎደለም ማለት ነው። የጎደለው ሌላ ነው። ልጁ ከስፒዲ ተለይቶ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ፤ አማርኛው ጠፋው፤ አገሩ ልመለስ ቢልም አልሆነለትም። በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ ውስጥ በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ዐፅሙን እንዲመልስ በድጋሚ ተጠይቆ አልተቀበለም። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ለኢትዮጵያ የተመለሰችው የጸጉሩ ቁራጭ ብቻ ነበረች።

ታሪኩ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አልሄደም። ኢትዮጵያውያንም ባሕር ማዶ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ገብተው ልጆች ይዘው ተመልሰዋል፤ ይህም በሚገባ የተመዘገበ ታሪክ ነው።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ራስ ኃይሉን፣ ራስ ሥዩምንና ሌሎች መኳንንትን አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ጉዞ ወጡ። ኢየሩሳሌም የሄዱት ለትንሣኤ በዓልና የኢትዮጵያን ገዳም ጉዳይ ለማየት ነበር። በአርመኖች ሰፈር የቅዱስ ያዕቆብ ገዳምን ሲጎበኙ የነሐስ መሣሪያ የያዙ ልጆች ተሰልፈው ሙዚቃ አሰሙላቸው። ልጆቹ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በኦቶማን ቱርክ ከጀመረው እልቂት የተረፉ፣ እናት አባታቸው የተገደሉባቸው ወይም በበረሃ የቀሩባቸው ናቸው። እርዳታ ሰጪዎች ሰብስበዋቸው ገዳሙ አስጠልሏቸዋል።

አልጋ ወራሹ በሙዚቃው ተደነቁ፣ በልጆቹም ታሪክ አዘኑ፤ ልጆቹን ወደ ኢትዮጵያ እንዲወስዷቸው ፓትርያርኩን ኤጊሼ ቱሪያንን ጠየቁ። ፓትርያርኩም ፈቀዱ። ልብ የሚባለው ነገር አፈጻጸሙ ነው። ልጆቹ አርባ ነበሩ፤ ለብቻቸው አልተላኩም፤ ሆቫኔስ ሲሞንያን የተባሉ የራሳቸው ቄስ አብረዋቸው መጡ። የአራት ዓመት ውል ተያዘላቸው፤ ደመወዝ ተቆረጠላቸው፤ ማደሪያና ምግብ ተሰጣቸው። የሙዚቃ መምህር ሆነው የተቀጠሩት ኬቮርክ ናልባንዲያንም የአይንታብ ተወላጅ አርመን፣ የእልቂቱ ዘመን ሰው ናቸው። ልጆቹ በ1916 ዓ.ም. ጳጉሜን ውስጥ አዲስ አበባ ገቡ። ከተማዋ ከዓድዋ ዘመን ጀምሮ የሚያውቋት አርመን ሰፋሪዎች ነበሯት፤ የአርመን ቋንቋ የሚናገር፣ በአርመን ሥርዓት የሚቀድስ ሰው ነበራት። አገሬው “አርባ ልጆች” አላቸው፤ ያ ስም ለእነሱም ለልጅ ልጆቻቸውም እስከ ዛሬ ይጠራል።

የመንግሥቱ የመጀመሪያው ይፋ የሙዚቃ ጓድ እነሱ ሆኑ። ናልባንዲያን የደረሱት የንጉሠ ነገሥት መዝሙር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ተሰማ፤ እስከ አብዮቱም የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ኖረ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር አንድ ሙሉ ትውልድ ሙዚቀኛ አሠልጥነዋል። ውላቸው ሲያበቃ ከአርባዎቹ የሄዱም አሉ፣ ሚስት አግብተው የቀሩም አሉ። የቀሩት አርመን ሆነው፣ በስማቸው ተጠርተው፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ቀድሰው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። ተፈሪ ልጆቹን ያመጡት ለበጎ አድራጎት ብቻ ነው ቢባል ማጋነን ይሆናል፤ ለዘመናዊው መንግሥታቸው ሙዚቀኛ ያስፈልጋቸው ነበር። ሆኖም ከየት እንደመጡ የሚያስረሳ ነገር አላደረጉባቸውም። ከዚያ ወዲህ በተሠራው የማደጎ ሥራ ሁሉ ይህን ያህል ጥንቃቄ ማግኘት ያስቸግራል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዲፈቻን በጽሑፍ አሰፈረ፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ አጠናከረው። ከአንቀጾቹ አንዱ ለዚህ ታሪክ ቁልፍ ነው። አንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደተጠበቀ ይቆያል ይላል፤ ከሁለቱ ወገን አንዱ መመረጥ ካለበት አሳዳጊው ይቀድማል፤ የወለደው ግን አይሰረዝም። የሕጉ አርቃቂዎች የጡት አባትንና የጉዲፈቻን አገር ያውቁ ነበር። አንቀጽ 193 ደግሞ የውጭ አገር ሰው ልጅ ሊወስድ ሲጠይቅ የመንግሥት አካል አጣርቶ አስተያየት እንዲሰጥ አዘዘ።

ልጁ የሚሄድበት አገር ሕግ ግን ሌላ ነበር። በአሜሪካና በስዊድን ጉዲፈቻ የወለደውን ወላጅ በሕግ ፊት እንግዳ ያደርገዋል። በአሜሪካ ለልጁ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ይወጣለታል፤ እናትና አባት ተብለው የሚጻፉት አሳዳጊዎቹ ናቸው። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ቤተሰብ ፈረመ፤ አንዱ ልጄ ተምሮ ይመለስልኛል፣ ይጠይቀኛል ብሎ፤ ሌላው ልጁ ከእንግዲህ የእኔ ብቻ ነው ብሎ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ ቢነሣ ይህ ነው መነሣት ያለበት። ችግሩ የጀመረው አጭበርባሪ ደላላ ሲመጣ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ቅን በሆነበት ጊዜም ነበረ።

የማሳደጊያዎቹ መብዛት የድርቅና የጦርነት ውጤት ነው። አዲስ አበባ ቀጨኔ፣ ኮልፌና ክበበ ፀሐይ የታወቁ የመንግሥት ማሳደጊያዎች ናቸው። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ ወይዘሮ አበበች ጎበና ወደ ግሸን ማርያም ሲጓዙ ድርቅ በመታው ወሎ መንገድ ዳር የሞተች እናቷ አጠገብ የነበረች ሕፃን አገኙ። ልጅቱንና አንድ ሌላ ሕፃን ይዘው ቤታቸው ገቡ፤ በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው አልቀበልም ሲሏቸው ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። ያቋቋሙት ድርጅት እሳቸው በሰኔ 2013 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ይሠራል።

ለጉዲፈቻ ወደ ስዊድን የተወሰዱ ልጆችም የሄዱት በዚሁ ዘመን ነው። ማርከስ ሳሙኤልሰን የሚባለው የኒው ዮርክ ዝነኛ ምግብ አብሳይ ካሣሁን ፅጌ ሆኖ ነው የተወለደው። በ1960ዎቹ አጋማሽ እናቱ በሳንባ ነቀርሳ አዲስ አበባ ሆስፒታል ሞቱ፤ እሱና እህቱ የጎተንበርግ ባልና ሚስት አሳደጓቸው። አፍቃሪ ቤተሰብ ነበር፤ በመጽሐፉ ያመሰግናቸዋል። ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ግን ሞተዋል ብሎ ያሰባቸው አባቱ ፅጌ በሕይወት እንዳሉ፣ እንዲያውም በገጠር ሌሎች ልጆች እያሳደጉ እንደሚኖሩ ተረዳ። አባትና ልጅ የተገናኙት ማርከስ ስሙ በሁለት አህጉር ከታወቀ በኋላ ነው።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ኤችአይቪ ወላጆችን ይቀጥፍ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ በኢትዮጵያ ከ4 ሚሊዮን በላይ የሙት ልጆች አሉ ሲል ቁጥሩ በየአገሩ ጋዜጣ ወጣ። በድርጅቱ አቆጣጠር ግን ከእናትና ከአባት አንዱን ያጣ ሁሉ ይቆጠራል፤ ብዙዎቹ ከእናታቸው ወይም ከአያታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ተዋናይት አንጀሊና ጆሊ ከአዲስ አበባ ሕፃን ወሰደች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቻይና መመዘኛዋን አጠበቀች፣ ጓቲማላም በሯን ዘጋች። ዓይን ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ አሜሪካ የሄዱት ልጆች 135 ነበሩ፤ በ2010 ከ2,500 አለፉ። ወደ አውሮፓ የሄዱት ሲጨመሩ በአንድ ዓመት ከ4 ሺህ በላይ ልጆች ወጡ። አሳዳጊው ቤተሰብ ለአንድ ልጅ ከ20 ሺህ እስከ 30 ሺህ ዶላር ያወጣ ነበር። ገንዘብ ባለበት ደላላ አይጠፋም፤ በከምባታ፣ በሐዲያና በወላይታ መንደሮች ልጅ እንዲሰጥ ወላጅን የሚያግባባ ሰው መዞር ጀመረ።

የእነዚያን ዓመታት የማሳደጊያ ጉብኝት ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። አሳዳጊዎቹን ቦሌ አካባቢ ካረፉበት የእንግዳ ማረፊያ ሚኒባስ ይወስዳቸዋል። በሩ ላይ ጫማ ይወልቃል፣ እጅ ይታጠባል። ሞግዚቶቹ ሕፃኑን አጥበው፣ ቅቤ ቀብተው፣ ያለውን ጥሩ ልብስ አልብሰው ይዘው ይወጣሉ። ከፍ ያለ ልጅ ከሆነ የአሳዳጊዎቹን ፎቶግራፍ የያዘች ትንሽ አልበም ቀድማ ደርሳው “እማዬ፣ አባዬ” ማለት ተምሯል። ሴትየዋ ታለቅሳለች፤ ሞግዚቷም ታለቅሳለች፤ ሕፃኑም ሁለቱንም እያየ ያለቅሳል። ካሜራ ይነሣል። በመጨረሻው ቀን ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ልጁ የአበሻ ልብስ ለብሶ ይሸኛል። ሞግዚቶቹ የልጁን ዕንቅልፍና የሆድ ቁርጠት የሚያውቁ፣ ደመወዛቸው ትንሽ፣ በየሳምንቱ ከአንድ ልጅ የሚለያዩ ሴቶች ነበሩ፤ ስለ እነሱ የተጻፈ የለም ማለት ይቻላል፤ ሊጻፍላቸው ይገባ ነበር።

ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አሳዳጊዎቹ ራሳቸው ቀርበው እንዲጠየቁ አዘዘ። ዳኛው አሳዳጊዎቹን ልጁን አይታችሁታል ወይ፣ ውሳኔው ለዘለዓለም መሆኑን ተረድታችኋል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ወላጅ ካለም ያው ጥያቄ ይቀርብለታል። ከሐዲያ ገጠር ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ የመጣ አባት በአስተርጓሚ አዎን ይላል። በአገሩ ማደጎ የሚያውቅ ሰው ለዘለዓለም ሲባል ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም፤ ልጁ ለዘለዓለም አሳዳጊ አገኘ ብሎ ነው። ልጄ አይደለህም ማለት በቋንቋውም በልማዱም የለም።

ከችሎቱ በፊት ወይም በኋላ አሳዳጊና ወላጅ አንዳንዴ ይገናኙ ነበር። አሳዳጊዎቹ ጥያቄ ጽፈው ይመጣሉ፦ ልጁ ሲወለድ ምን ይመስል ነበር፣ ስሙን ማን አወጣለት፣ በቤተሰቡ ውስጥ ምን በሽታ አለ። ወላጆቹ የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ መቼ ይመጣል? አስተርጓሚው በዚህ ጊዜ የተረጎመው ነገር የብዙ ቤተሰብ ሕይወት ወስኗል።

ማጭበርበሩም ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ዓቃቤ ሕግ በደቡብ ካሮላይና የሚገኝ የአንድ አገናኝ ድርጅት ሠራተኞችን ከሰሰ፤ የጥፋተኝነት ቃል የሰጡም አሉ። ክሱ ልጆቹ ኖረውበት በማያውቁት ማሳደጊያ ስም ውል እያዘጋጁ ቪዛ አስወጥተዋል የሚል ነው። ዴንማርክ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ልጅ መውሰድ አቆመች። ወላጆቹ በሕይወት ያሉ የሁለት ኢትዮጵያውያን ልጆችን መለየት የተከታተለ አንድ የዴንማርክ ዘጋቢ ፊልም ከዚያ በፊት አገሪቱን አስቆጥቶ ነበር።

ሁሉን ያስደነገጠው ግን የሃና አለሙ ሞት ነው። ሃና በ2000 ዓ.ም. ወደ ዋሽንግተን ግዛት የተወሰደች ልጅ ናት፤ በግንቦት 2003 ዓ.ም. በአሳዳጊዎቿ ቤት ጓሮ በብርድ ሞተች። በፍርድ ሂደቱ ረሃብ፣ ድብደባና ውጭ እንድታድር መደረጓ ተረጋገጠ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. አሳዳጊ እናቲቱ 37 ዓመት፣ አባትየውም 28 ዓመት ገደማ እሥራት ተፈረደባቸው። ኢትዮጵያውያን በአሜሪካም በአገር ቤትም አለቀሱላት። በሺህ የሚቆጠሩ አሳዳጊዎች ልጆቻቸውን በፍቅር አሳድገዋል፤ ይህን መካድ ውሸት ነው። የሃና ጉዳይ ያሳየው ግን ሌላ ነው። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ደጇን የሚያንኳኳ ዘመድ፣ እንዴት ነሽ የሚል አጎት አልነበራትም። በጎንደርም በሐዲያም የተሰጠ ልጅን የሚጠብቀው የሚጠይቀው ወገን መኖሩ ነው።

መንግሥት በመጋቢት 2003 ዓ.ም. በቀን የሚያየውን የጉዲፈቻ ጉዳይ ወደ አምስት ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ቁጥሩ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ወረደ። በደቡብ ክልል በርካታ ማሳደጊያዎች ተዘጉ። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ሥራው ታገደ፤ በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን በአዋጅ ቁጥር 1070 አሻሽሎ ለውጭ አገር ሰው ልጅ መስጠትን ዘጋ። የተነገረው ምክንያት ልጆቹ በባዕድ አገር ለማንነት ቀውስና ለበደል መዳረጋቸው ነው። ውሳኔው ፋይላቸው ተጀምሮ የነበሩ ልጆችን አንጠልጥሎ ስለነበር ለጊዜው ብዙ ሰው አስከፍቷል፤ ለእነሱ በኋላ መፍትሔ ተፈለገ።

መተማ በዚህ ጊዜ ሌላ የልጆች መንገድ ሆናለች። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ከ60 በላይ አገሮች ዜጎች በዚያች በር ገቡ፤ ከወላጅ የተነጠሉ ልጆችም ነበሩባቸው። ለእንዲህ ያለ ልጅ የዛሬው የስደተኞች አሠራር የሚያዘው መጀመሪያ እንዲመዘገብ ነው፦ የእናቱ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የመጣበት ሰፈር፣ መጨረሻ አብሮት የነበረው ሰው። ከዚያ ከሚያውቀው ቋንቋና ሃይማኖት ቤተሰብ ጋር ይቀመጣል፤ ወገኑም ይፈለጋል። ይህ ትእዛዝ የጎንደር ሽማግሌ ሰባት ቤት ሲቆጥር ይፈልገው የነበረውን ነው የሚጠይቀው።

ከአገር የወጡት ልጆች ዛሬ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። እየተመለሱ ነው። አንዳንዱ ከልጅነቱ የቀረችለትን ፎቶግራፍ ይዞ፣ አንዳንዱ የዘረ መል ምርመራ ውጤት ይዞ ሆሳዕና፣ ሶዶ፣ ደሴ፣ ጎንደር ይገባል። የሚፈልጉት ፋይል አለ፤ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ በመዝገብ ቤት፣ የሚኒስቴሩ ደብዳቤ በሚኒስቴሩ፣ የማሳደጊያው መዝገብ ግን የተዘጋው ድርጅት እንደ አዘጋጉ ተበታትኗል። ተጥሎ የተገኘ ልጅ ከሆነ የፖሊስ ማስረጃ አለው፤ ከቤተሰብ የመጣ ከሆነ የቀበሌ ደብዳቤ አለው። እነዚህን ወረቀቶች አንድ ቦታ ሰብስቦ፣ በስም ደልድሎ፣ ለባለ ጉዳዮቹ መክፈት ከባድ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ ኃላፊነቱን የሚወስድ መሥሪያ ቤት ነው የሚያስፈልገው። መጀመር ያለበትም ከቀበሌው ደብዳቤ ነው፤ ልጁ የማን እንደሆነ የመሰከሩት ጎረቤቶች ስም የሚገኘው እሱ ላይ ነው፤ ጎረቤቶቹም እያረጁ ነው።